የታክ ፖሊመሬዝ ክሪስታላዊ አወቃቀር

ታክ ፖሊመሬዝ በፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ቴርመስ አኳቲከስ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘ፣ ዲኤንኤን የሚቀዳ ኢንዛይም ነው። «ታክ» የሚለው መጠሪያ የባክቴሪያው ስም አጭር አጻጻፍ ነው። ኢንዛይሙ ከ832 አሚኖ አሲዶች የተሠራ አንድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ክብደቱ 94 ኪሎዳልተን ያህል ነው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ በ95 ዲግሪ እንኳ ግማሽ ኃይሉን ለማጣት 40 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በዚህ ጠባዩ የተነሳ ፒሲአር ለተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ዋና መሣሪያ ሆኗል።

የአንድ ኢንዛይም ክሪስታላዊ አወቃቀር ማለት በውስጡ ያሉት አቶሞች የሚገኙበት ሥፍራ ማለት ነው፤ ይህም ኢንዛይሙን ወደ ክሪስታል በመቀየርና ኤክስሬይ (ራጅ) በማሳለፍ ይለካል። የታክ ፖሊመሬዝ አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። አወቃቀሩ ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። አንደኛው ኢንዛይሙ ሌሎች ፕሮቲኖች በሚበላሹበት ሙቀት ሳይበላሽ የሚቆየው እንዴት ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲቀዳ የሠራውን ስሕተት ማረም የማይችለው ለምንድን ነው የሚል ነው።

ባክቴሪያውና ኢንዛይሙ

ቴርመስ አኳቲከስ የተገኘው በዩናይትድ ስቴትስ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውኃዎች ውስጥ ነው። ተመራማሪው ቶማስ ብሮክና በወቅቱ ተማሪ የነበረው ሃድሰን ፍሪዝ ባክቴሪያውን በ1960ዎቹ አጋማሽ ለይተው አሳደጉት፤ ገለጻውንም እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። ባክቴሪያው በጣም የሚስማማው ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ባክቴሪያ በእንዲህ ዓይነት ሙቀት ሊኖር እንደሚችል አይጠብቁም ነበር።

ዲኤንኤ የሚቀዳው ኢንዛይም ከዚህ ባክቴሪያ ተነጥሎ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ሥራውን የሠሩት አሊስ ቺየን፣ ዴቪድ ኤድጋርና ጆን ትሬላ ናቸው። ኢንዛይሙ ሰፊ ጥቅም እስኪያገኝ ድረስ ግን አሥር ዓመት ያህል አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪ ሙሊስ ፒሲአርን አሰቡ። በዚህ ዘዴ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች በ95 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ። ከዚያ ሙቀቱ ሲቀንስ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር መነሻ ቁራጮች በክሮቹ ላይ ይጣበቃሉ፤ ቀጥሎም ፖሊመሬዙ ከመነሻው እየቀጠለ አዲስ ክር ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር የዲኤንኤው ብዛት በእጥፍ ስለሚያድግ፣ ከ30 ዙር በኋላ አንድ ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ለዚህ ሥራ የዋለው ኢ. ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የተገኘ ፖሊመሬዝ ነበር። ይህ ኢንዛይም በ95 ዲግሪ ስለሚበላሽ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ታክ ፖሊመሬዝ የተጠቀመ የፒሲአር አሠራር ታተመ። ኢንዛይሙ አንድ ጊዜ ከተጨመረ እስከ መጨረሻው ዙር ስለሚቆይ ሥራውን ለማሽን መተው ተቻለ። ሙሊስ ለፒሲአር እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሙቀት ፕሮቲንን እንዴት ያበላሻል

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ረጅም ሰንሰለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የተወሰነ ቅርጽ ሲይዝ ብቻ ነው። ቅርጹን የሚይዙት በአብዛኛው ደካማ የሆኑ ብዙ መሳሳቦች ናቸው። ውኃ የማይስማማቸው አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ተሸሽገው ይጠጋጋሉ። አዎንታዊና አሉታዊ ሙል ያላቸው ይሳሳባሉ። በሰንሰለቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች መካከልም የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጠራል።

ሙቀት ሲጨምር የአቶሞቹ እንቅስቃሴ ይበረታል፤ በመጨረሻም ሰንሰለቱ ይፈታል። የተፈቱ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚተባተቡ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው አይመለሱም። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ክፍል የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በተጣጠፈ ፕሮቲንና በተፈታ ፕሮቲን መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ትንሽ ነው። ቅርጹን የሚደግፉት መሳሳቦች ሲደመሩ ብዙ ቢሆኑም፣ ሰንሰለቱን ለመፍታት የሚገፋውም ኃይል ከእነርሱ ጋር የተቀራረበ ነው። የሚተርፈው ልዩነት ከጥቂት የሃይድሮጅን ትስስሮች ኃይል ጋር የሚመጣጠን ነው። ስለዚህ አንድን ፕሮቲን ሙቀት እንዲቋቋም ለማድረግ ፍጹም የተለየ አሠራር አያስፈልግም፤ ትንንሽ ድጋፎች ቢጨመሩ ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል። የታክ ፖሊመሬዝ አወቃቀር ይህንኑ አሳይቷል።

አወቃቀሩ የሚነበብበት መንገድ

አቶሞች በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከአቶም መጠን በሺዎች እጥፍ ይበልጣልና። የኤክስሬይ የሞገድ ርዝመት ግን አንድ አንግስትሮም ገደማ ሊሆን ይችላል። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው፤ በአቶሞች መካከል ያለውም ርቀት በዚሁ ልክ ነው።

ሥራው በሚከተሉት ደረጃዎች ይከናወናል።

አንደኛ፣ ኢንዛይሙ በብዛትና በንጽሕና ይዘጋጃል። የታክ ፖሊመሬዝ ጂን ብዙውን ጊዜ ወደ ኢ. ኮላይ ይገባና ኢንዛይሙ እዚያ ይመረታል። የሕዋሱ ጭማቂ ወደ 75 ዲግሪ ሲሞቅ አብዛኞቹ የኢ. ኮላይ ፕሮቲኖች ይረጋሉ፤ ታክ ፖሊመሬዝ ግን ሟሙቶ ይቀራል። በዚህ መንገድ የኢንዛይሙ ሙቀት መቋቋም ራሱ ለማጣራት ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ የኢንዛይሙ ሙሙት ቀስ በቀስ እንዲወፍር ይደረጋል። ሁኔታው ሲመች በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በተመሳሳይ አቀማመጥ ተደርድረው ክሪስታል ይሆናሉ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ሙከራ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ይህ ደረጃ ነው። ከሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች የሚገኙ ፕሮቲኖች የማይላወስ ጠንካራ ቅርጽ ስላላቸው ክሪስታል በመሥራት ረገድ ይመረጣሉ። የራይቦሶም አወቃቀር በተጠናበት ጊዜም ከእንዲህ ዓይነት ባክቴሪያዎች የተገኙ ራይቦሶሞች ጥቅም ላይ ውለዋል።

ሦስተኛ፣ ኤክስሬይ በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ በአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ምክንያት በብዙ አቅጣጫ ይበተናል፤ በመቀበያው ላይም የነጥቦች ንድፍ ይሠራል። ከነጥቦቹ ቦታና ድምቀት፣ እንዲሁም በሌላ ዘዴ ከሚገኝ ተጨማሪ መረጃ በመነሣት ኤሌክትሮኖች የት የት እንደበዙ የሚያሳይ ካርታ በስሌት ይወጣል። የአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት በዚህ ካርታ ላይ እንዲገጥም ተደርጎ ይገነባል።

የካርታው ጥራት በአንግስትሮም ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዝርዝሩ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶማስ ስታይትዝ የተሳተፉበት ቡድን ሙሉውን ታክ ፖሊመሬዝ በ2.4 አንግስትሮም ጥራት አሳየ። በዚያው ዓመት ጋብርኤል ዋክስማን የተሳተፉበት ሌላ ቡድን ክሌንታክ1 የተባለውን፣ ከፊት በኩል የተወሰነ ክፍል የተቆረጠለትን አጭር ቅርጽ በ2.5 አንግስትሮም ጥራት አሳተመ። በዚህ ጥራት የሰንሰለቱ አካሄድና አብዛኞቹ የአሚኖ አሲዶች ጎን ቅርንጫፎች በግልጽ ይለያሉ።

አጠቃላይ ቅርጽ

ታክ ፖሊመሬዝ ሦስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ክፍል እስከ 290ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ ይዘልቃል። ሥራው በመንገድ ላይ ያጋጠመውን የዲኤንኤ ክር ከጫፉ እየቆረጠ ማንሳት ነው። በሙሉው አወቃቀር ውስጥ የዚህ ክፍል የመቁረጫ ቦታ ከመቅጃው ቦታ 70 አንግስትሮም ያህል ርቆ ይታያል።

መካከለኛው ክፍል እስከ 423ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ ይደርሳል። በኢ. ኮላይ ፖሊመሬዝ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚዛመደው ክፍል ስሕተት አራሚ ነው። በታክ ውስጥ ግን ሥራው የጠፋ ቅሪት ነው።

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉም ትልቁ ሲሆን፣ ዲኤንኤ የሚቀዳው እሱ ነው። ቅርጹ ነገር ለመያዝ ከታጠፈ ቀኝ እጅ ጋር ስለሚመሳሰል ንዑስ ክፍሎቹ መዳፍ፣ ጣቶችና አውራ ጣት ይባላሉ። የኬሚካል ሥራው የሚከናወነው በመዳፉ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ዲኤንኤውን ይይዛል። ጣቶቹ ደግሞ አዲስ የሚገባውን ኒውክሊዮታይድ ይቀበላሉ። በመዳፉ ላይ 610ኛውና 785ኛው ቦታ የሚገኙት አስፓርቲክ አሲዶች ሁለት የማግኒዚየም አዮኖችን ይይዛሉ፤ አዲሱ ኒውክሊዮታይድ ከክሩ ጫፍ ጋር የሚጣበቀው በእነዚህ አዮኖች እርዳታ ነው።

ሥራ ላይ ያለው ኢንዛይም

አንድ ክሪስታል የሚያሳየው አንድን ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ በተለያየ ደረጃ ላይ እያለ ክሪስታል ማድረግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ታክ ፖሊመሬዝ ከዲኤንኤ ጋር ተያይዞ የሚታይበት አወቃቀር ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የዋክስማን ቡድን ክሌንታክ1ን ከዲኤንኤና ከሚገባው ኒውክሊዮታይድ ጋር በሁለት ሁኔታ አሳየ፤ አንዱ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ነው።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ የጣቶቹ ጫፍ 46 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ ታየ። ጣቶቹ ክፍት ሲሆኑ 671ኛው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ታይሮሲን፣ በሚቀዳው ክር ፊደል ሊያዝ የሚገባውን ቦታ ይይዛል። ጣቶቹ ሲዘጉ ታይሮሲኑ ገለል ይልና ፊደሉ ወደ ቦታው ይገባል። ከፊት ለፊቱ የሚቆመው ኒውክሊዮታይድ ትክክለኛ ጥንዱ ከሆነ ሁለቱ በጠባቡ ቦታ በልክ ይገጥማሉ፤ ካልሆነ አቀማመጡ ለሥራው አይመችም። ፖሊመሬዙ ፊደል የሚመርጥበት ዋናው መንገድ ይህ የቅርጽ መገጣጠም ነው።

ሙቀትን የሚቋቋምበት ምክንያት

የኢ. ኮላይ ፖሊመሬዝ ትልቁ ክፍል፣ ክሌኖው ቁራጭ የሚባለው፣ አወቃቀሩ እ.ኤ.አ. በ1985 በስታይትዝ ቤተ ሙከራ ታውቆ ነበር። ስለዚህ በ1995 ሁለቱን ዘመዳሞች፣ ሙቀት የሚችለውንና የማይችለውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ተቻለ።

የንጽጽሩ ውጤት አስገራሚ ነበር። የሁለቱ የመቅጃ ክፍሎች ሰንሰለት የሚታጠፍበት መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸውም ግማሽ ያህሉ ይመሳሰላል። ሙቀትን የሚከላከል የተለየ ሽፋን ወይም እንግዳ የሆነ ትስስር በታክ ውስጥ አልተገኘም። ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ነው።

በታክ ውስጥ ውኃ ጠል የሆነው ውስጠኛ ክፍል ይበልጥ ተጠጋግቶ የተሞላ ነው፤ ባዶ ቦታ በቀነሰ መጠን መሳሳቡ ይጠናከራል። ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች አቀማመጥም የተሻለ ነው፤ ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ተቀራርበው የሚገፋፉባቸው ቦታዎች ቀንሰዋል፣ ተቃራኒዎቹ የሚሳሳቡባቸው ደግሞ ጨምረዋል። በመካከለኛው ክፍል በክሌኖው ረዣዥም የነበሩ ልል ቀለበቶች በታክ አጥረዋል። እንደ ልብ የማይታጠፈው ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድም በአንዳንድ መታጠፊያዎች ላይ ገብቷል። ሰንሰለቱ የመላወስ ነጻነቱ ስለሚያንስ ከመፈታት የሚያገኘው ጥቅምም ያንሳል።

ከእነዚህ ልዩነቶች አንዱን ነጥሎ «የሙቀት መቋቋም ምሥጢር ይህ ነው» ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ የሚጨምረው ድጋፍ ትንሽ ነው፤ ሲደመሩ ግን ኢንዛይሙ የሚፈታበትን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ከፍ ያደርጉታል። የሰንሰለቱ ክፍሎች እኩል ጠንካራ እንዳልሆኑም ታውቋል። የመጀመሪያው ክፍል የተቆረጠለት አጭሩ ኢንዛይም ከሙሉው ይልቅ ከፍተኛ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል።

ለዚህ ጥንካሬ የሚከፈል ዋጋም አለ። ኢንዛይም ለመሥራት መንቀሳቀስ አለበት፤ በ95 ዲግሪ ላለመፈታት ተጠንክሮ የተሠራ ፕሮቲን በተራ ሙቀት ይደነዝዛል። ታክ ፖሊመሬዝ በ70 ዲግሪ በሰከንድ 60 ያህል ኒውክሊዮታይዶችን ሲጨምር፣ በ37 ዲግሪ የሚጨምረው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

የጠፋው የእርማት ክፍል

የኢ. ኮላይ ፖሊመሬዝ የተሳሳተ ፊደል ከጨመረ የክሩን ጫፍ ወደ አራሚው ክፍል አዙሮ ስሕተቱን ይቆርጣል። ታክ ፖሊመሬዝ ይህን እንደማያደርግ ከአወቃቀሩ በፊትም በሙከራ ይታወቅ ነበር። አወቃቀሩ ምክንያቱን ግልጽ አደረገ። መካከለኛው ክፍል ከአንድ አባት የመጣ መሆኑ በአጣጣፉ ቢታወቅም፣ የብረት አዮኖችን ይይዙ የነበሩት አሲዳማ አሚኖ አሲዶች በሌሎች ተተክተዋል፤ የክሩ ጫፍ ይገባበት የነበረውም ጎድጓዳ ቦታ ተደፍኗል። ክፍሉ እንደ ድጋፍ ምሰሶ ቀርቷል እንጂ አይቆርጥም።

የዚህ ውጤት በቤተ ሙከራ ውስጥ ይታያል። የታክ የስሕተት መጠን እንደ ሁኔታው ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች በሚደርሱ ፊደላት መካከል አንድ ገደማ ነው። አንድ ተሕዋስ በናሙና ውስጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ስሕተቶቹ በልዩ ልዩ ቅጂዎች ላይ ተበታትነው ይገኛሉና። ጂንን ቀድቶ ወደ ሌላ ሕዋስ ለማስገባት ወይም ብርቅ የሆነ የዘር ለውጥ ለመፈለግ ግን ችግር ይፈጥራል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተሠራ ስሕተት ወደ ተከታዮቹ ቅጂዎች ሁሉ ይወርዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አራሚ ክፍላቸው ያልጠፋ ሌሎች ሙቀት ቻይ ኢንዛይሞች ይመረጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ፓይሮኮከስ ፉሪዮሰስ ከተባለ፣ በጣሊያን የቮልካኖ ደሴት ከተገኘ የአርኬያ ዝርያ የሚገኘው ፕፉ ፖሊመሬዝ ነው።

የአወቃቀሩ ጥቅም

አወቃቀሩ ከታወቀ በኋላ ኢንዛይሙን የሚያሻሽሉ ሰዎች የትኛው አሚኖ አሲድ ምን እንደሚነካ እያዩ መሥራት ቻሉ። በጣቶቹ ላይ በ667ኛው ቦታ ያለው ፌኒልአላኒን ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ አሚኖ አሲድ በታይሮሲን ሲተካ ኢንዛይሙ በዲኤንኤ ንባብ ጊዜ ክሩን ለማቆም የሚጨመሩትን ልዩ ኒውክሊዮታይዶች በቀላሉ ይቀበላል። ለውጡ እ.ኤ.አ. በ1995 በስታንሊ ታቦርና በቻርልስ ሪቻርድሰን የታተመ ሲሆን፣ እንዲህ የተለወጡ ኢንዛይሞች በማሽን ለሚካሄድ የዲኤንኤ ንባብ ውለዋል።

የመጀመሪያው ክፍልም ጥቅም ተገኝቶለታል። በአንድ ዓይነት የፒሲአር ምርመራ ውስጥ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ በሚፈለገው ቦታ ላይ ይጣበቃል። ታክ ፖሊመሬዝ እየቀዳ ሲደርስበት በመቁረጫ ክፍሉ ይቆራርጠዋል፤ ቀለሙም ነጻ ወጥቶ ያበራል። የብርሃኑ መጠን የዲኤንኤውን ብዛት ይናገራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለኮሮና ቫይረስ ከተደረጉት የፒሲአር ምርመራዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። የቫይረሱ ዘር አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የማባዛትና የመቁረጥ ሥራ የታክ ወይም የዘመዶቹ ነው።

የአወቃቀሩ ገደብ

ክሪስታላዊ አወቃቀር ሲነበብ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፣ የታክ ክሪስታሎች የተጠኑት ባክቴሪያው በሚኖርበት ሙቀት አይደለም። ስለዚህ አወቃቀሩ ኢንዛይሙ በሙቀት ውስጥ እንዴት እንደሚላወስ በቀጥታ አያሳይም፤ ስለ ሙቀት መቋቋም የሚነገረው ከንጽጽርና በሌሎች ዘዴዎች ከተደረጉ ሙከራዎች ጋር ተገናዝቦ ነው። ሁለተኛ፣ በክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ልል የሆኑ ክፍሎች ከብዙ አቀማመጦቻቸው አንዱን ብቻ ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። ኢንዛይሙ ከፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ጋር ተያይዞ በተጠና ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል በ1995 ከታየበት በተለየ አቅጣጫ ተገኝቷል። ይህም ክፍሉ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ከቦታ ቦታ እንደሚዞር ይጠቁማል። የመቁረጫውና የመቅጃው ቦታ በሥዕሉ ላይ ተራርቀው እየታዩ በአንድ ዲኤንኤ ላይ ተባብረው መሥራታቸውም በዚህ እንቅስቃሴ ይበልጥ ይገባል።